በአንድ ሞዞ (የጎማ እምብርት) ውስጥ ያለ ግራሶ (ግሪስ) ግማሹ ቀጥኖ ግማሹ ደርቆ አገኘን፤ እንዴት ይሆናል?

ቆላ_ወራጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የአይሱዙ ነው፤ ግን ሲኖትራክም ይሁን ወፍጮ ያላችሁ ብትገቡበት ደስ ይለኛል።

ሥራዬ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ነው። ወደ ታች ስሚንቶ፣ ወደ ላይ እንደ ወቅቱ ማሾ ወይ ሽንኩርት። መንገዱን ለማታውቁት፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ዋሻውን አልፈህ፣ ደብረ ሲና፣ አርማንያ እያልክ ሸዋ ሮቢት ስትገባ 1,300 ሜትር አካባቢ ነህ። ጠዋት በውርጭ ተነስተህ ቀትር ላይ ሸሚዝ ታወልቃለህ።

ሰሞኑን የግራ የኋላ ጎማ መጋል ጀመረ። እጅ አያስይዝም። ቸርኬው ላይ ከውስጥ በኩል ቅባት ተረጭቷል። ጋራዥ ገብቶ ሞዞው ሲፈታ ያየነው ነገር ግራ ገባን። የውጭው ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ሮለር ቀለበት) ላይ ያለው ግራሶ ቀጥኗል፤ በጣት ስታነሳው ይንጠባጠባል። የውስጠኛው፣ የፍሬኑ ታምቡር ጋ ያለው፣ ጠቁሮ ደርቋል። በጥፍር ነው የሚላጠው። ሽታውም ኮምጣጣ ነው። ፓራሊዮው፣ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ፣ ከንፈሩ ደድሯል።

መካኒኩ "ግሪሱ ፎርጅድ ነው" አለ። የሸጠልኝ ሰው ደግሞ "ኦሪጅናል ነው፣ 200 ዲግሪ ይችላል፤ አሳንሰህበት ነው፣ ጨምርበት" አለኝ። ፎርጅድ ቢሆን ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት አይበላሽም ነበር? ካነሰስ የቀጠነው ለምን ቀጠነ?

ረዳት_ነበርኩ፦

ፎርጅድ ነው ወንድሜ፣ አትልፋ። ዘንድሮ በርበሬው ራሱ ሸክላ ነው።

ጋሽ_ቸርኬ፦

ልጄ፣ የሸጠልህ ሰው እውነቱን ነው። ግራሶ ሲያንስ ነው ኩሽኔታ የሚበላው። እኛ በ682 ፊያት ጊዜ ሞዞውን ጢም አድርገን ነበር የምንሞላው፤ ክዳኑ እስኪያስቸግር። አንድ ቀን ጎማ አልፈታሁም ብልህ ዋሸሁ፣ ግን ኩሽኔታ ተቃጥሎብኝ ጣርማ በር ላይ አላደርኩም። የዛሬ ልጆች ግራሶ ትቆጥባላችሁ።

ሰላድንጋይ_ነኝ፦

ሰሞኑን እዚህ ገጽ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ግሪስ ሆነ እኮ 😅 እኔ ባጃጅ ነው ያለኝ፣ ግን እየተከታተልኩ ነው።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ "ጢም አድርጉት" በሚለው አልስማማም። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የወንድማችን ጥያቄ ይመለስ፤ ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፈውን ነገር ነው ያየው።

ቆላ ወራጅ፣ ሁለቱ ኩሽኔታዎችህ ላይ ያለው ግራሶ የሞተው በሁለት የተለያየ ሞት ነው። የውጭው ታሽቶ ሞተ። የውስጠኛው በስሎ ሞተ። ሁለቱም ላይ ግራሶ መጨመር መድኃኒት አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ግራሶ ወፍራም ዘይት ይመስለናል። አይደለም። ከመቶ 70 እስከ 95 እጁ ተራ ፈሳሽ ዘይት ነው። ከቀሪው አብዛኛው ሳሙና ነው፤ አዎ ሳሙና። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኘው የሊቲየም ሳሙና ነው። የሚሠራበት አሲድ ከምን እንደሚገኝ ታውቃለህ? ከጉሎ። ምጣድ የምናስስበት ጉሎ። ዘይቱ ፋብሪካ ገብቶ ሃይድሮጂን ይጨመርበትና ከሊቲየም ጋር ሳሙና ይሆናል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ቆላው ሁሉ ጉሎ አይደል እንዴ።

ሳሙናው በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ክር ክር ነው። ርዝመቱ ጥቂት ማይክሮን፣ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን በታች። ክሮቹ ይጠላለፉና ዘይቱን በመሃላቸው ይይዙታል። ዘይት የጠጣ ባዘቶ አስብ። ጫን ስትለው ጥቂት ዘይት ይሰጥሃል፣ ስትለቀው መልሶ ይይዛል። ብረቱን የሚያድነው ዘይቱ ነው። የክሩ ሥራ ዘይቱ እንዳይሄድ መያዝ ብቻ ነው።

አሁን መታሸቱን እንይ። የሾጣጣ ኩሽኔታ ሮለሮች ይንከባለላሉ ብቻ ሳይሆን ግንባራቸው ከቀለበቱ ጠርዝ ጋር ይፋተጋል። ሮለሮቹን የሚይዘው ቀፎም ግራሶውን እየላገ ይዞራል። ሮለሩ ቀለበቱን በሚጫንበት ቦታ ላይ መሃል ያለው ቅባት ውፍረቱ ከማይክሮን ብዙም አያልፍም። እዚያ መሃል የገባ ክር ይጎተታል፣ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የተኛ ክር መኪናው ሲቆም መልሶ ይጠላለፋል። የተበጠሰ ክር ግን አይቀጠልም። ልዩነቱን በቀላሉ ታውቀዋለህ፦ ጥቂት ግራሶ በወረቀት ላይ አድርገህ አሳድረው። ጠዋት ጠንከር ብሎ ካገኘኸው ክሩ አለ። አድሮም እየፈሰሰ ከሆነ ክሩ አልቋል፤ ያ ግራሶ ከዚህ በኋላ ሳሙና የተበተነበት ዘይት ነው፣ ከሞዞው መውጣቱ አይቀርም።

ላብራቶሪ ውስጥ ይህን የምንለካበት ቀላል መንገድ አለ። ግራሶው ኩባያ ውስጥ ይሞላል። 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ቀዳዳ ባለው ሳህን ከላይ ወደ ታች 60 ጊዜ ይመታል። ከዚያ ሾጣጣ ብረት ለ5 ሰከንድ ይለቀቅበታል። የሰመጠው ጥልቀት በአሥረኛ ሚሊሜትር ይቆጠራል። ከ265 እስከ 295 ከሆነ ቁጥር 2 ነው። ከ310 እስከ 340 ከሆነ ቁጥር 1፣ ለስለስ ያለው። ቆርቆሮው ላይ "ኤንኤልጂአይ 2" የሚል ያየኸው እሱ ነው። ግን 60 ምት ለኩሽኔታ ምኑ ነው? ሸዋ ሮቢት ከመድረስህ በፊት ሮለሮችህ በመቶ ሺህ ይዞራሉ። ስለዚህ ደህና አምራች 10,000 ወይም 100,000 ምት መትቶ ስንት እንደላላ በመረጃ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። በ20 የሚላላና በ80 የሚላላ ግራሶ ሱቅ ውስጥ ስታያቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ላይ "ቁጥር 2" ተጽፏል። ልዩነቱ መንገድ ላይ ነው የሚታየው።

ስለ ሙቀቱ እመለሳለሁ፣ ደንበኛ መጣ።

ወፍጮ_ቤት_ደነባ፦

እኔም ጥያቄ አለኝ። የወፍጮዬ ኩሽኔታ በጣም ይሞቃል። ሠራተኛው ሁሌ ጠዋት በፓምፕ ግራሶ ያጠጣዋል፣ ከጎን እስኪወጣ ድረስ። ባጠጣው ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ጋሽ ቸርኬ እንዳሉት ጢም አድርገን ነው የምንሞላው። ታዲያ ለምን ይሞቃል?

ጋሽ_ቸርኬ፦

ቺንጋው (ቀበቶው) ተወጥሮባችሁ ይሆናል። እሱን ላላ አድርጉት መጀመሪያ።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ጋሽ ቸርኬ ስለ ቺንጋው ልክ ናቸው፣ ይታይ። የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ወደ አንድ ጎን ይጭነዋል።

እትዬ ወፍጮ ቤት፣ የእርስዎ ግን ዋናው ጢም ማለቱ ይመስለኛል። አዲስ የተቀባ ኩሽኔታ መጀመሪያ ሲዞር ግራሶውን ያቦካዋል፤ ትንሽ ይሞቃል። ከዚያ ትርፉ ወደ ጎን ተገፍቶ ይቀመጣል፣ ሮለሩ መንገዱን ይከፍታል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው የሚኖረው ከጎን ካለው ግራሶ ቀስ እያለ በሚወጣው ዘይት ነው። ጢም ካለ ግን የሚገፋበት ቦታ የለም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያቦካዋል። ማቡካት ሙቀት ነው፣ ክር መበጠስም ነው። ለዚህ ነው ባዶ ቦታው ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ የሚሞላው። አጠጥተው ሙቀቱ ጥቂት ቆይቶ ካልወረደ በዝቷል ማለት ነው።

እና በየቀኑ አያስፈልገውም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ተራ የሊቲየም ግራሶ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ እድሜው እንደተጻፈው ነው። ከዚያ በላይ በየ15 ዲግሪው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሩቡ ይቀራል። 115 ላይ ስምንተኛው። ሙቀቱን ቀንሱት እንጂ ግራሶውን አትጨምሩት።

የዱቄቱ ብናኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ገብቶ ዘይቱን ይጠጣል፣ ግራሶው ይጠነክራል። ክዳኑንና ላስቲኩን ያሳዩ።

ወፍጮ_ቤት_ደነባ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሠራተኛውን ነገ አስቆመዋለሁ።

መምህሩ_ዘአንኮበር፦

ኬሚስቱ እስኪመለስ አንድ ሒሳብ ልጨምር፤ ተማሪዎቼን የማስቸግርበት ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ መኪና ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ቢያንስ 1,700 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ክብደቱን በስበቱና በከፍታው ስታበዛው 166 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይወጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል የሚሰጠው 36 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ነው። ስለዚህ አንተ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከ4 ሊትር ተኩል በላይ ናፍጣ ሙቀት በመንገድ ላይ ትለቃለህ። ሞተርህ ምንም ባያቃጥልም።

ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። በከባድ ማርሽ ከወረድክ ብዙውን ሞተሩ ይቀበልሃል። በዜሮ፣ ማርሽ አውጥተህ፣ ከወረድክ ግን የቀረው ሁሉ የሚያርፈው የፍሬን ሸራና ታምቡር ላይ ነው። ታምቡሩ ደግሞ በሞዞው ላይ ነው የታሰረው።

ሌላው ሰው የማያስተውለው፦ ግራሶው በጣም የሚግለው ስትወርድ አይደለም፣ ስትቆም ነው። ደብረ ሲና ቆሎ ልትገዛ ትቆማለህ። ነፋሱ ይቆማል። ታምቡሩ ውስጥ የታመቀው ሙቀት መሄጃ ስለሌለው ቀስ እያለ ወደ ሞዞው ይገባል። ቅርብ ያለው የውስጠኛው ኩሽኔታ ነው። ከአንኮበር አልዩ አምባ የሚወርዱትም ላይ ያው ነው።

ረዳት_ነበርኩ፦

ቆሎውን አትንኩብን መምህር!

ጋሽ_ቸርኬ፦

መምህር፣ ይሄ ድሮ የምናውቀው ነው። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ነበር ሕጉ። ዛሬ ልጆቹ በዜሮ ይለቁትና ናፍጣ ቆጠብን ይላሉ። ኋላ የፍሬን ሸራ ሲገዙ ያለቅሳሉ።

ግን ኬሚስቱ ልጄ፣ እኛ ጢም አድርገን ስንሞላ ለምን አልተቃጠለብንም? እሱን መልስልኝ።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ጋሼ፣ ራስዎ መለሱት። በወጡበት ማርሽ ነበር የሚወርዱት። ፍሬኑ አይግልም፣ ጎማውም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ቀስ ብሎ የሚዞር ኩሽኔታ ጢም ቢልም ብዙ አያቦካም። ደግሞ ድሮ በብዛት የነበረው የካልሲየም ግራሶ ነው። እሱ ክሩን የሚያቆመው በውስጡ ባለ ጥቂት ውሃ ነው። 80 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው ይወጣና ዘይቱ ለብቻው ሳሙናው ለብቻው ይሆናል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየፈታችሁ ትቀይሩ ነበር፤ "አልፈታሁም ብል ዋሸሁ" ያሉት እኮ እሱ ነው።

አሁን ወደ መብሰሉ። ሲሞቅ መጀመሪያ የሚሆነው ዘይቱ መቅጠኑ ነው። ለምሳሌ ብዙ ግራሶ የሚሠራበት 220 የሚባለው ዘይት በ40 ዲግሪ ውፍረቱ 220 ነው፤ በ100 ዲግሪ ወደ 19 ይወርዳል። ከአሥር እጅ አንድ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከክሩ ውስጥ በቀላሉ ይወጣል። የወጣው ወደ ፓራሊዮው ይሄዳል። ቸርኬህ ላይ ተረጭቶ ያየኸው እሱ ነው፤ የፍሬን ሸራውንም ነክቶት ይሆናል፣ ተመልከት። ከፊሉ ደግሞ ይተናል።

ሁለተኛው ከኦክስጅን ጋር መቃጠሉ ነው፤ ነበልባል የሌለው ቃጠሎ። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ አሲድ ይፈጠራል፤ የሸተተህ ኮምጣጣ ሽታ እሱ ነው። ከዚያ የዘይቱ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ያድጋሉ። ይጠቁራል፣ ሙጫ ይሆናል፣ ኋላ ይደርቃል። ዘይት ሲቀጥን ብረት ብረትን ይነካል፣ ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። የብረትና የመዳብ ብናኝ ደግሞ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። ግራሶው ውስጥ ይህን የሚከላከል ኬሚካል ተጨምሮበታል፤ ግን እየተበላ ያልቃል። ለዚህ ነው ግራሶ ረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ቆይቶ ባንዴ የሚበላሸው። ከላይ ስታየው ምንም የለውም፣ በሚቀጥለው ስትፈታ ከሰል ሆኖ ታገኘዋለህ።

"200 ዲግሪ ይችላል" ያለህ ነጋዴ ውሸት አልተናገረም፣ ግን ያነበበው ሌላ ቁጥር ነው። 180 እስከ 200 የተራ ሊቲየም ግራሶ የመንጠብጠቢያ ነጥብ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሞቅ የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትወርድበት ሙቀት። የሥራ ሙቀቱ አይደለም። ለረጅም ሰዓት የሚሠራበት ወሰን 120 ወይ 130 ዲግሪ ነው። ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው የመንጠብጠቢያ ነጥቡ ከ250 በላይ ይሄዳል፤ የሥራው ግን 150 አካባቢ ነው። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ሻጩ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው።

መታሸትና መብሰል ደግሞ ይረዳዳሉ። የሞቀ ክር ይለሰልሳል፣ ሲታሽ ቶሎ ይበጠሳል። የታሸ ግራሶ ደግሞ ይሞቃል። ግን አንዱ ሲቀድም መልኩ ይለያል። ፈዛዛ ሆኖ ከቀጠነና ሽታ ከሌለው ታሽቷል። ጠቁሮ ከደረቀና ከሸተተ በስሏል። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ቀለሙን ብቻ ግን አትመን፤ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ከቆርቆሮው ሲወጣም ጥቁር ነው።

ሰላድንጋይ_ነኝ፦

ውሃ እንዴት ይገባል ግን? ፓራሊዮ አለ እኮ።

መምህሩ_ዘአንኮበር፦

የጋለ ሞዞ ይዘህ ወንዝ ውስጥ ስትገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ከውጭ ይስባል። በክረምት ድልድይ የሌለበት መሻገሪያ ላይ የምትገቡ ሰዎች ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ አቁማችሁ አብርዱት።

ጋሽ_ቸርኬ፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ግራሶ ተማራችሁ፣ ጥሩ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። መንገዱ ለሁሉም ጎማ አንድ ነው። ግራሶውም ከአንድ ቆርቆሮ ነው። ስሚንቶውም በሁሉም ላይ ነው የተጫነው። ታዲያ የቀኙ የኋላ ጎማ ለምን አልጋለም? እሱን ፈታችሁ አይታችሁታል? አንዱ ብቻ ከተቃጠለ እዚያ ጎማ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሸራው ሳይመለስ እየታከከ ሊሆን ይችላል። ዳዶው ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ግራሶ መርምራችሁ አትጨርሱም፤ ፍሬኑን እዩት።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ጋሼ፣ ይሄ ከእኔ ላብራቶሪ ይበልጣል። ቆላ ወራጅ፣ የቀኙን አስፈታ።

ቆላ_ወራጅ፦

ተመለስኩ። ጋሽ ቸርኬ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

የቀኙ ተፈታ። ያው ግራሶ ነው፣ ከያው ቆርቆሮ። ቡናማ ነው፣ ትንሽ ለስልሷል፣ ሽታ የለውም። በወረቀት አሳደርኩት፣ ጠዋት ጠንክሮ አደረ። ስለዚህ ፎርጅድ የሚለው ቀረ።

በግራው በኩል የፍሬኑ ሸራ መመለሻ ሞላ ላልቷል። ፍሬን ለቅቄ እንኳን ሸራው ታምቡሩን ይነካ ነበር። ሜዳ ላይም ሲታከክ ነው የኖረው ማለት ነው። ሸራው ላይም ዘይት ነበረበት፣ እንዳላችሁት።

የውጭው ለምን እንደቀጠነ ደግሞ ረዳቴ ነው ያስታወሰኝ። ክረምት ላይ መንገድ ላይ ያለ አንድ ጋራዥ ያን ጎማ ከፍተው አሮጌውን ሳያወጡ ሰማያዊ ግሪስ ከላዩ ጠቅጥቀውበት ነበር፤ ክዳኑ እስኪያስቸግር (ጋሼ ይቅርታ)። ሲቀላቀል ችግር አለው እንዴ? ሁለቱም ቁጥር 2 ነው ያለኝ።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

አለው፣ ትልቅ ችግር። ቁጥር 2 ማለት ጥንካሬው ነው እንጂ ሳሙናው ምን እንደሆነ አይነግርህም። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ደግሞ ማቅለሚያ ነው፤ አምራቹ እንደወደደ ያደርገዋል። የአንዱ ሰማያዊ ሊቲየም ኮምፕሌክስ ነው፣ የሌላው ሰማያዊ ፖሊዩሪያ (በሳሙና ፈንታ ሌላ ኬሚካል ዘይቱን የሚይዝበት ግራሶ) ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አይስማሙም። ከሸክላ የሚሠራውም ከሊቲየም ጋር አይስማማም። ሲቀላቀሉ ክሮቹ መጠላለፍ ያቅታቸዋል፤ ለብቻቸው ጠንካራ የነበሩት አንድ ላይ ሲታሹ ይቀጥናሉ። በዚያ ላይ ጢም ተደርጎ፣ የሚገፋበት ቦታ ሳይኖረው። የውጭው ኩሽኔታ ብዙ ሙቀት ሳያገኘው ታሽቶ የቀጠነው በዚህ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለግህ፦ ከሁለቱ እኩል እኩል ወስደህ በጠፍጣፋ ቢላ በደንብ እሽ። ለብ ባለ ምድጃ ዳር አቆየው። ከሁለቱም ይልቅ ከቀጠነ አይቀላቀሉም። ካልቀጠነም ዋስትና አይሆንህም፣ ግን ከቀጠነ በርግጠኝነት ትተወዋለህ።

ኤሌክትሪክ ሞተር ላላችሁም ልናገር፣ እትዬ ወፍጮ ቤት በተለይ፦ የሞተር ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ ፖሊዩሪያ ይዞ ነው። ተራ ሊቲየም ከላዩ አታጠጡበት።

ወፍጮ_ቤት_ደነባ፦

የኛ ሞተር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፣ አነሳዋለሁ። ሠራተኛው አስቆምኩት፤ ኩሽኔታው ዛሬ እጅ ያስይዛል። ቺንጋውም ተወጥሮ ነበር ጋሽ ቸርኬ።

ጋሽ_ቸርኬ፦

አላልኳችሁም? 😀

ጢም አድርጉ ያልኩትን ግን ለዛሬ መኪና ትቼዋለሁ። ለፊያቴ አልተውም።

ረዳት_ነበርኩ፦

ያረጀ የሞተር ዘይት ጠብ አድርገህ ግራሶውን ብታለሰልሰውስ? የደረቀውን ማለቴ ነው። እኛ እናደርግ ነበር።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

አታድርገው። የደረቀው ግራሶ የጎደለው ዘይት ብቻ አይደለም፤ የቀረው ክርም ሙጫ ሆኗል፣ አዲስ ዘይት አይይዝም። ያረጀ የሞተር ዘይት ደግሞ አሲድና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ቃጠሎውን የሚያፋጥነውን ነገር በእጅህ ጨመርክ ማለት ነው።

ቆላ_ወራጅ፦

እሺ፣ አሁን የምገዛውን ንገሩኝ። ሁለቱንም ኩሽኔታ አጥቤ አንድ ዓይነት ልሙላ ብዬ ነው። የውስጠኛውን ቀለበት መካኒኩ አይቶ ሰማያዊ ቃጠሎ ስላለው ይቀየር ብሏል።

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ቀለበቱ ቀለሙን ከለወጠ ይቀየር፤ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል።

ግራሶው ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ቁጥር 2 ይሁን። ቆርቆሮው ላይ "ጂሲ-ኤልቢ" የሚል ምልክት ፈልግ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ለጎማ ኩሽኔታ፣ ለከባድ ሙቀት ተፈትኗል ማለት ነው፤ የኋላዎቹ ለሻሲ። ምልክቱ ላይ ብቻ አትቁም፣ የመረጃ ወረቀቱን ጠይቅ። ከ100,000 ምት በኋላ ስንት እንደላላና የሥራ ሙቀቱን አንብብ። ነጋዴው ወረቀት የለኝም ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ። ሮለሮቹ መሃል በደንብ ይግባ፣ ሞዞው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ።

ሞላውን ሳትቀይር ግን ምርጡን ግራሶ ብትገዛም ብርህን ነው የምትቀባው።

ጋሽ_ቸርኬ፦

ዳዶውን ሲያጠብቅ ጎማውን በእጁ እያዞረ ያጥብቅ፣ ከዚያ መልሶ ላላ ያድርገው። ሳያዞር ካጠበቀ ሮለሩ ቦታውን አይዝም። የመጀመሪያውን ጭነት ወርደህ አርማንያ ላይ ቁምና ሁሉንም ሞዞ በእጅህ ንካ። አንዱ ከሌሎቹ ከበለጠ ተመለስ።

ሰላድንጋይ_ነኝ፦

ማጠቢያው በምንድን ነው? ቤንዚን ወይስ ላምባ?

ኬሚስት_ከሞላሌ፦

ላምባ ይሻላል፤ ቤንዚን ቶሎ ይያያዛል። የድሮው ግራሶ ጥቂት እንኳን እንዳይቀር፣ ቀፎው ውስጥ በብሩሽ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ላይ ይድረቅ። በኮምፕረሰር አየር የምትነፉ ከሆነ ኩሽኔታውን በእጅ ያዙት፣ በአየሩ እንዳይሽከረከር። ያለ ቅባት ሲሽከረከር ሮለሩ ይጫራል፣ አዲሱንም ኩሽኔታ ከመግጠማችሁ በፊት ታበላሹታላችሁ።